ገበያው እንዴት ዋለ? የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ታሪክ ከአቢሲኒያ ባንክ እስከ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ

የአክሲዮን ገበያ መለኪያ፣ በተለምዶ ኢንዴክስ የሚባለው፣ በአንድ አገር ገበያ ከሚሸጡ አክሲዮኖች መካከል የተመረጡትን አንድ ላይ አስሮ የዋጋቸውን እንቅስቃሴ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ስሌት ነው። ለስሌቱ የሚመረጡት ኩባንያዎች በሀብታቸው ትልልቅ፣ ትርፋማነታቸው በብዙ ዓመታት የተፈተነና አክሲዮናቸው በየዕለቱ ገዥና ሻጭ የማያጣ ሲሆኑ ብሉ ቺፕ የሚል መጠሪያ ያገኛሉ፤ በእነሱ ላይ የተመሠረተው ቁጥርም የአገሪቱ ገበያ ዋና መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ቆቦን ከአላማጣ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በዋጃ፣ ከገበያ የተመለሰ ሰው «ገበያው እንዴት ዋለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የእያንዳንዱን እህልና የእያንዳንዱን ከብት ዋጋ ሳይዘረዝር «ተወዷል» ወይም «ረክሷል» ብሎ እንደሚያጠቃልል፣ በማጠቃለያውም ውስጥ ብዙ የሚሸጡትና ብዙ ሰው የሚመገባቸው ማሽላና ጤፍ ከፌጦና ከአብሽ የበለጠ ክብደት እንደሚኖራቸው ሁሉ፣ መለኪያውም ለዚሁ ጥያቄ የሚሰጥ፣ ለየኩባንያው የሚገባውን ክብደት አስቀድሞ የወሰነ መልስ ነው። ልዩነቱ መልሱ አስቀድሞ በተጻፈ ቀመር የሚሰላና ማንም ሰው ደግሞ አስልቶ ሊያረጋግጠው የሚችል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር በሌላው ዓለም እንዴት እንደተወለደ፣ በኢትዮጵያም ለምን ሳይወለድ እንደቆየ ለመረዳት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ከዐድዋ ዓመት እስከ አቢሲኒያ ባንክ

የዐድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም.፣ ከድሉ ሦስት ወር ያህል በኋላ፣ ቻርልስ ዳው የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የ12 የኢንዱስትሪ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ ለ12 በማካፈል ያገኘውን አማካይ በኒው ዮርክ ማሳተም ጀመረ። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ያሳተመው የመጀመሪያው ዝርዝሩ 11 ኩባንያዎችን የያዘ ሲሆን፣ በዘመኑ ትልቁን ገንዘብ የሚስበው የምድር ባቡር በመሆኑ ዘጠኙ የባቡር ኩባንያዎች ነበሩ። የዳው ስሌት ከቀላልነቱ የተነሳ በእርሳስና በወረቀት የሚሠራ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ችግሮች ነበሩበት። አንደኛው፣ የአንድ አክሲዮን ዋጋ 1000 የሆነበት ኩባንያ ዋጋው 100 ከሆነው ይልቅ አሥር እጥፍ ክብደት ማግኘቱ ነው፤ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ትልቅነት ግን ኩባንያው አክሲዮኑን በስንት ከፍሎ እንዳወጣ እንጂ የኩባንያውን ትልቅነት አያሳይም። ሁለተኛው፣ ኩባንያው አንዱን አክሲዮን አሥር ቦታ ከፍሎ ዋጋውን ከ1000 ወደ 100 ሲያወርድ፣ የማንም ሀብት ሳይቀንስ አማካዩ የወደቀ መምሰሉ ነው። ለሁለተኛው ችግር የተገኘው መፍትሔ አካፋዩን ማስተካከል ነበር። የሦስት ኩባንያዎች ዋጋ 100፣ 400 እና 1000 ቢሆን ድምሩ 1500፣ አማካዩም 500 ይሆናል፤ ሦስተኛው ኩባንያ አክሲዮኑን አሥር ቦታ ሲከፍል ድምሩ ወደ 600 ስለሚወርድ፣ አካፋዩ ከ3 ወደ 1.2 ዝቅ ተደርጎ ውጤቱ እዚያው 500 ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። የመለኪያ ጥበብ መሠረት ይኸው ነው፤ ቁጥሩ በገበያ ዋጋ ለውጥ እንጂ በመዝገብ ለውጥ መንቀሳቀስ የለበትም።

በዚያው ዘመን አክሲዮን ወደ ኢትዮጵያም እየገባ ነበር። አርኖልድ ኢልግና አልፍሬድ ሼፍኖ ከዳግማዊ ምኒልክ ባገኙት ፈቃድ ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር የሚዘረጋውን የባቡር ሐዲድ የሚሠራ ኩባንያ ሲያቋቁሙ፣ ገንዘቡ የተሰበሰበው በዋናነት ከፈረንሳይ ባለሀብቶች ነበር። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አቢሲኒያ ባንክም በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር፣ በ500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ካፒታል የተቋቋመ የአክሲዮን ኩባንያ ሲሆን፣ አክሲዮኖቹ ከአዲስ አበባ በተጨማሪ በካይሮ፣ በለንደንና በፓሪስ ጭምር ለሽያጭ ቀርበው ነበር። የሁለቱም ኩባንያዎች ሥራ በኢትዮጵያ ምድር ቢካሄድም የአክሲዮናቸው ባለቤቶች በአብዛኛው በውጭ አገር ስለሚኖሩ፣ የአክሲዮኖቹ ዋጋ መውጣትና መውረድ የሚታየውም በውጭ አገር ነበር። በ1923 ዓ.ም. አቢሲኒያ ባንክ ፈርሶ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክ በ750,000 ፓውንድ ካፒታል ሲቋቋም ባለቤትነቱ በአብዛኛው ወደ መንግሥት ዞረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የኢጣሊያ ወረራ ሁሉንም አቋረጠው።

የንግድ ሕጉና የመጀመሪያው የአክሲዮን ገበያ

ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1940ዎቹም ፋብሪካዎችና ሰፋፊ እርሻዎች በአክሲዮን ማኅበር መልክ መቋቋም ቀጠሉ። ለዚህ ዓይነቱ ማኅበር ሙሉ የሕግ መሠረት የሰጠው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የአክሲዮን ማኅበር ካፒታሉ በእኩል አክሲዮኖች የተከፋፈለ፣ ባለአክሲዮኑ ካዋጣው ገንዘብ በላይ ለማኅበሩ ዕዳ የማይጠየቅበት፣ አክሲዮኑንም ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚችልበት ድርጅት ነው። የመጨረሻው ነጥብ ለገበያ ታሪክ ዋናው ነው፤ ሊሸጥ የማይችል ድርሻ የገበያ ዋጋ ሊኖረው አይችልምና።

በ1956 ዓ.ም. የመንግሥት ባንኩ ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ራሳቸውን ችለው ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በብሔራዊ ባንኩ አስተባባሪነት የአክሲዮን ገዥና ሻጭን የሚያገናኝ የአዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ቡድን ተመሠረተ፤ አባላቱም በዋናነት ባንኮችና የገንዘብ ተቋማት ነበሩ። በዚህ ገበያ አክሲዮናቸው ይዘዋወር ከነበሩት መካከል የወንጂን ስኳር የሚያመርተው ኤች.ቪ.ኤ. ኢትዮጵያ፣ በአዋሽ ሸለቆ ጥጥ የሚያለማው የተንዳሆ እርሻና ኢንዶ ኢትዮጵያን ጨርቃ ጨርቅ ይገኙበታል። የኩባንያዎቹ ቁጥር ጥቂት፣ የባለአክሲዮኖቹም ክበብ ጠባብ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ኩባንያ አክሲዮን በኢትዮጵያ ምድር በይፋ የሚታወቅ ዋጋ አገኘ።

በዚሁ ጊዜ ጎረቤት ኬንያ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ከ1964 ጀምሮ የራሱን መለኪያ ማስላት ያዘ፤ ይህም ከጊዜ በኋላ የ20 ታላላቅ ኩባንያዎች መለኪያ ሆኖ የታወቀው ሲሆን፣ በ1966 የነበረውን የዋጋ ደረጃ 100 ብሎ መነሻ አደረገ። መነሻ ቁጥር ማለት ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ሁሉ የሚነጻጸርበት ደረጃ ነው፤ መለኪያው 250 ሲደርስ የተመረጡት አክሲዮኖች ዋጋ ከመነሻው ጊዜ ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኗል ማለት ነው። አዲስ አበባና ናይሮቢ በተቀራራቢ ዘመን የተነሱ ገበያዎች ነበሩ፤ ዕጣ ፈንታቸው የተለያየው በሚቀጥለው አሥር ዓመት ነው።

የተቋረጠው ዘመንና በሌላው ዓለም የጎለበተው ስሌት

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ፤ ጥር 26 ቀን በታላላቅ ኢንዱስትሪዎች ላይ ተመሳሳይ አዋጅ ወጣ፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ዋጃ በምትገኝበት በራያ ቆላ ለሚኖር ገበሬ ከሦስቱ አዋጆች ኑሮውን በቀጥታ የለወጠው የመጨረሻው ቢሆንም፣ ለአክሲዮን ገበያው የሁለቱ የፊተኞቹ ውጤት ፍጹም ነበር፤ የሚሸጡት ኩባንያዎች የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ሻጭም ገዥም ዋጋም በአንድነት ጠፉ። አሥር ዓመት ያህል ብቻ የኖረው ገበያ መለኪያ ሳያፈራ ተዘጋ።

ከዚያ ቀደም ብሎ የተጀመረው የመለኪያ ስሌት መሻሻል ኢትዮጵያ ከዚህ መንገድ ውጭ በነበረችባቸው ዓመታትም በሌላው ዓለም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ በ500 ኩባንያዎች ላይ የተመሠረተው መለኪያ፣ በ1984 ደግሞ በለንደን ከ1000 መነሻ የጀመረው የ100 ኩባንያዎች መለኪያ የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ትተው የኩባንያውን ጠቅላላ የገበያ ዋጋ፣ ማለትም የአክሲዮኖቹ ብዛት በአንዱ ዋጋ ተባዝቶ የሚገኘውን ድምር፣ የክብደት መሠረት አደረጉ። አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ኩባንያ ሀ 10 ሚሊዮን አክሲዮን በ100 ብር፣ ኩባንያ ለ 5 ሚሊዮን በ400 ብር፣ ኩባንያ ሐ 1 ሚሊዮን በ1000 ብር ቢኖራቸው፣ የገበያ ዋጋቸው በቅደም ተከተል 1 ቢሊዮን፣ 2 ቢሊዮንና 1 ቢሊዮን፣ ድምሩም 4 ቢሊዮን ብር ይሆናል፤ ይህ ድምር 1000 ተብሎ መነሻ ይደረጋል። የኩባንያ ሀ ዋጋ በመቶ 10 ቢጨምር ድምሩ 4.1 ቢሊዮን፣ መለኪያውም 1025 ይሆናል፤ በሀ ፈንታ ሐ በመቶ 10 ቢጨምርም ሁለቱ ኩባንያዎች በጠቅላላ ዋጋ እኩል ስለሆኑ መለኪያው ያው 1025 ነው። በቀድሞው የአማካይ ስሌት ግን የሀ ጭማሪ አማካዩን ከ500 ወደ 503.3 ብቻ ሲያሳድገው፣ የሐ ጭማሪ ወደ 533.3 ያደርሰው ነበር።

ከዚህ ጋር የአስተዳደር ደንቦችም ተጻፉ። መለኪያውን የሚመራ ኮሚቴ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በየሦስት ወሩ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ዝርዝሩን እየመረመረ ያነሰውን ኩባንያ ያስወጣል፤ ያደገውን ያስገባል፤ በለውጡ ዕለት ቁጥሩ እንዳይዘል አካፋዩን ያስተካክላል። ለመግባት መጠን ብቻውን አይበቃም፤ አክሲዮኑ በቂ ግብይት ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱም ለወራት ያልተሸጠ አክሲዮን ዋጋ የዛሬውን ገበያ ሳይሆን የቆየ ስምምነትን የሚናገር ነው። እንዲሁም ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች የሚያከፋፍለው የትርፍ ድርሻ በዋጋ መለኪያው ውስጥ ስለማይቆጠር፣ እሱን ጭምር የሚያሰላ የጠቅላላ ገቢ መለኪያ ለብቻው ይዘጋጃል።

አክሲዮን ያለ ገበያ

በጥር 1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 84 ባንክን ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል አዋሽ ባንክ ተቋቋመ፤ ዳሸን፣ የዛሬው አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ኅብረትና ንብ ተከተሉት። ከዚያ በኋላ የባለአክሲዮኖች ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ፣ የባንክ አክሲዮን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ቅርንጫፍ እስከተከፈተባቸው ትንንሽ ከተሞች ደረሰ። ብሔራዊ ባንኩ ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ደጋግሞ ማሳደጉ፣ በተለይም በ2013 ዓ.ም. ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ ማዘዙ፣ ባንኮቹን አዲስ አክሲዮን ፍለጋ ወደ ሕዝቡ አወጣቸው።

ይሁን እንጂ አክሲዮኑን የገዛ ሰው መልሶ ሊሸጥ ሲፈልግ የሚሄድበት የተደራጀ ገበያ አልነበረም። ሻጭ በወዳጅ ዘመድ፣ በደላላ ወይም በጨረታ ገዥ ካገኘ በኋላ ወደ ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ሄዶ ዝውውሩን ያስመዘግብ ነበር፤ ሁለቱ የተስማሙበት ዋጋ ግን በእነሱ መካከል ይቀር ነበር። በአንድ ቀን ያው አክሲዮን በሁለት ሰዎች መካከል በተለያየ ዋጋ ሊሸጥ ይችል ነበር፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚፈርድ ይፋ መዝገብ አልነበረም። በዚህ ሁኔታ ለመለኪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ፣ ማለትም በይፋ የተመዘገበ የዕለት ዋጋ፣ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ይፋ ዋጋ በኢትዮጵያ ዳግም የታየው በአክሲዮን ሳይሆን በእህል ነው። በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ቡናና ሰሊጥን የመሳሰሉ ምርቶችን በደረጃ ለይቶ፣ በመጋዘን አስቀምጦ፣ ገዥና ሻጭ በአዲስ አበባ መገበያያ አዳራሽ በድምፅ እየተጫረቱ የሚሸጡበትን ሥርዓት ዘረጋ፤ የዕለቱንም ዋጋ በስልክ አጭር መልእክትና በከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች አሰራጨ። ዋጋው የአንድ ምርት የአንድ ደረጃ ዋጋ እንጂ የብዙዎች ጥምር ባለመሆኑ ይህ ኢንዴክስ አይደለም፤ ነገር ግን የጋራ ዋጋ በየዕለቱ በይፋ መታየት ምን ጥቅም እንዳለው ነጋዴውንም አምራቹንም አስለመደ። በሌላ በኩል በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ኩባንያዎች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት እንዲያዘጋጁ አስገደደ፤ ይህም የአንዱን ኩባንያ ትርፍ ከሌላው ጋር ማነጻጸር የሚቻልበትን መንገድ ጠረገ።

ከአዋጅ 1248 እስከ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሰኔ 2013 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248ን አጸደቀ። አዋጁ ተቆጣጣሪውን የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መሠረተ፤ ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ የሥራውን፣ የሒሳቡንና የሥጋቱን ዝርዝር የያዘ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ አስቀድሞ እንዲያስጸድቅና እንዲያወጣ አስገደደ። ሕጉ የወጣው በሰሜኑ ጦርነት መካከል ነበር፤ በዚያ ጦርነት የራያ ቆላ ከተሞች የባንክና የስልክ አገልግሎት ተቋርጦባቸው ስለነበር፣ ዋና ከተማው ስለ ካፒታል ገበያ ሲወያይ በዋጃና በቆቦ ያስቀመጡትን ገንዘብ ማውጣት እንኳ የማይቻልበት ጊዜ አልፏል።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአክሲዮን ማኅበርነት ተቋቋመ፤ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ሲባል አክሲዮንን፣ ቦንድንና የግምጃ ቤት ሰነድን የመሰለ፣ ሊሸጥ ሊለወጥ የሚችል የገንዘብ መብት ማስረጃ ነው። የመንግሥት ተቋማት 25 በመቶ ድርሻ ይዘው፣ ቀሪው ለግሉ ዘርፍ ክፍት ሲሆን፣ ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የናይጄሪያ የአክሲዮን ገበያ ቡድን ይገኝበታል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ደወል ደውለው ገበያውን ሲከፍቱ፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ገዳ ባንክ ተከተለ። የደርግ አዋጅ የድሮውን ገበያ ከዘጋ 50 ዓመት ሞልቶ ነበር።

ገበያው ከመከፈቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶ የሆነውን 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ከፍተኛው 3,333 ሲሆን፣ ሽያጩ በቴሌብር በመካሄዱ በዋጃ ያለ ገዥ አዲስ አበባ መውጣት አላስፈለገውም። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን ሲያበቃ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ።

ይህ ሽያጭ ወደፊት የኢትዮጵያን መለኪያ የሚያሰላ ሁሉ የሚገጥመውን ጥያቄ በግልጽ ያሳያል። በ300 ብር ሒሳብ የኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ 300 ቢሊዮን ብር ይሆናል፤ በሕዝብ እጅ የገባው ግን ከዚህ አንድ በመቶ ገደማ ነው። መለኪያው በጠቅላላ ዋጋ ቢሰላ አንድ ኩባንያ ባንኮቹን ሁሉ ውጦ የአገሪቱን ገበያ ቁጥር ብቻውን ይዘውረዋል፤ ያውም ከመቶ አንድ በሆነው ድርሻ ላይ በሚደረግ ጥቂት ግብይት። የናይሮቢ ገበያ ተመሳሳይ ነገር አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አክሲዮኑን ለሕዝብ ያቀረበው ሳፋሪኮም በአንዳንድ ዓመታት የጠቅላላ ገበያውን ዋጋ ግማሽ ያህል በመያዙ፣ የሁሉም ኩባንያዎች መለኪያ የሚባለው በከፊል የአንድ ኩባንያ ዋጋ ነጸብራቅ ሆኖ ነበር። ለዚህ በዓለም የታወቁ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው፣ በመንግሥትና በመሥራቾች እጅ ተይዞ ለገበያ የማይወጣውን ቀንሶ በነጻ የሚዘዋወረውን ድርሻ ብቻ መቁጠር ነው፤ በዚህ ስሌት የኢትዮ ቴሌኮም ክብደት ከ300 ቢሊዮን ወደ 3.2 ቢሊዮን ብር ይወርዳል። ሁለተኛው፣ የማንኛውም ኩባንያ ክብደት ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ማገድ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ ታሪክ አንድ ቅደም ተከተል ያሳያል። የናይሮቢ መለኪያ ገበያው ከተከፈተ አሥር ዓመት በኋላ መጣ፤ የዳው አማካይ የተሰላው የኒው ዮርክ ገበያ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ከኖረ በኋላ ነው። የሚተላለፍ አክሲዮን፣ የተመረመረ ሒሳብ፣ በይፋ የሚመዘገብ ዋጋና ያልተቋረጠ ግብይት ሳይኖር የሚወጣ ቁጥር ጌጥ እንጂ መለኪያ አይሆንም። የ1950ዎቹ ገበያ ዋጋውን አግኝቶ ዕድሜ አጣ፤ ከ1986 ዓ.ም. በኋላ የመጡት ኩባንያዎች ዕድሜ አግኝተው ይፋ ዋጋ አጡ፤ የዛሬው ገበያ ሁለቱንም የማግኘት ዕድል አለው። ስለዚህ በዋጃም ሆነ በአዲስ አበባ 33 አክሲዮን የያዘ ሰው የገበያውን ቁጥር ከመጠበቁ በፊት የያዘውን ኩባንያ ዓመታዊ ሒሳብ ሊያነብ፣ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ሊገኝና ሊጠይቅ ይገባል፤ ነገ የሚወጣው መለኪያ የሚታመነው ባለቤቶቹ ዛሬ በጠየቁት መጠን ነውና።